በገናም ፒያኖም ወደ ጎረቤላ



የዚህ ዲስኩር ጉዳይ ኮንሰርት ነው፤ ሰው ተቀምጦ፣ ጸጥ ብሎ፣ ጆሮውን ሰጥቶ የሚያዳምጠው ኮንሰርት። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ዝግጅት የሚሻ ሰው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ያዞራል። ብሔራዊ ቴአትር እዚያ ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እዚያ ነው። የፒያኖና የቫዮሊን ምሽት የሚያሰናዱት የጀርመን፣ የፈረንሳይና የጣሊያን የባህል ተቋማትም እዚያው ናቸው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ጎረቤላ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ የጎረቤላ ተማሪ ሰው ቫዮሊን ሲጫወት በዓይኑ ለማየት ቢፈልግ የመኪና ብቻ ሳይሆን የማደሪያና የምግብ ገንዘብም መቋጠር አለበት።

ተማሪው ወደ ሙዚቃው መሄድ ካልቻለ ሙዚቃው ወደ ተማሪው ሊመጣ ይችላል። ጎረቤላ ለዚህ ትልቅ አዳራሽ እስኪሠራ፣ ትልቅ ኦርኬስትራ እስኪቋቋም ወይም ትልቅ በጀት እስኪመደብ መጠበቅ የለባትም። ጥቂት ተጫዋቾች፣ ድምፅ የማያዛባ አንድ ክፍልና አስቀድሞ የታወቀ ቀን ይበቃሉ። ከዚህ በታች የሚቀርበው የዚህ ሐሳብ ማስረጃና በአንድ ዓመት ውስጥ ሊካሄዱ የሚችሉ የአራት ኮንሰርቶች ዕቅድ ነው። የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጎረቤላ የምትገኝበት አንኮበር ለተደራጀ ሙዚቃ አዲስ አይደለችም። ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርን፣ አንጎለላንና ደብረ ብርሃንን እያፈራረቁ ይቀመጡባቸው ነበር። በ1841 ኮርንዋሊስ ሃሪስ የመሩት የእንግሊዝ ልዑክ እዚህ መጥቶ ከንጉሡ ጋር ውል ተዋዋለ፤ ከልዑኩ ጋር የነበረው ጀርመናዊ ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን ቤርናትስም ያየውን በሥዕል አስቀረ። በዚያ ዘመን የንጉሥ ክብር የሚታወጀው በነጋሪት፣ በመለከትና በእምቢልታ ነበር። የእምቢልታ አሠራር ዛሬም ትኩረት ይገባዋል። አንዱ እምቢልታ ነፊ ያለው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወለደው ነፊዎቹ ተራ ጠብቀው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ሲነፉ ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው ይሰበራል። የኦርኬስትራ ተጫዋች የሚጠየቀው ዲሲፕሊንም ይኸው ነው፦ ቆጥሮ መጠበቅ፣ ሌላውን መስማት፣ በሰዓቱ መግባት።

ከቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ ይልቅ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ የዘለቀው የቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ነው። በበዓል ዋዜማ ሌሊት ማኅሌት የቆመ ሰው ቅንብሩን ያውቀዋል። በመጀመሪያ ቁም ዜማው ያለ ከበሮ፣ በእርጋታ ይባላል። ከዚያ በመቋሚያ ዝማሜው ይከተላል፤ ጸናጽልና ከበሮ ገብተው መረግዱ ይጀመራል፤ በመጨረሻም ፍጥነቱ እየጨመረ ወደ ጽፋት ይደርሳል። አንድ ቃል በአራት ዓይነት እርምጃ ይዞራል፤ ሊቃውንቱም በልባቸው የያዙትን ቅደም ተከተል ሳይስቱ ለሰዓታት ይቆማሉ። ማኅሌት ጸሎት እንጂ ትርኢት አይደለም፤ ቦታውም ቅኔ ማኅሌት ነው። ወደ ኮንሰርት መድረክ ይውጣ የሚል ሐሳብ እዚህ አይቀርብም። ሆኖም ከእርጋታ ወደ ፍጥነት የሚሄድ ረጅም ሥራ በትዕግሥት ማዳመጥን የለመደ ምእመን ያለበት አገር፣ የአርባ ደቂቃ ሲምፎኒ ይከብደዋል ብሎ መገመት ስሕተት ነው። ከአንኮበር በታች፣ የቅፍለት መንገድ በነበረባት በአልዩ አምባ በኩል ባሉት የአርጎባ ሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ መንዙማ አለ፤ እሱም መሪና ተቀባይ ያለው፣ በትዕግሥት የሚደመጥ ጥበብ ነው።

የአውሮፓ መሣሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ የገቡበት መንገድ ሌላ ነበር። በ1844 አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ከዳግማዊ ኒኮላይ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች በስጦታ ተቀበሉ። በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። የማርሽ ባንድ ሆነው የሠለጠኑት በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ሲሆን፣ የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኚሁ ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን ቀጥሎ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን የሙዚቃ ክፍል መሩ፤ የኢትዮጵያን ዜማ ለብዙ ድምፅ እያቀናበሩም አንድ ትውልድ ሙዚቀኛ አስተማሩ። ያ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1955 ሲከፈት ኦርኬስትራውን የያዙት ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ነበሩ።

ይህ ሁሉ ታሪክ የተፈጸመው በቤተ መንግሥት፣ በክብር ዘበኛ ጦር ሰፈርና በዋና ከተማው ቴአትር ውስጥ ነው። ፒያኖ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሩቅ ዕቃ ሆኖ የቀረው ሙዚቃው ባዕድ ስለሆነበት አይደለም፤ መሣሪያው ከጥቂት ሕንጻዎች ስላልወጣ ነው። ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የአንዲት መነኩሲት ሕይወት ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እኅታቸው ኋላ በደራሲነትና በፓርላማ አባልነት የታወቁት ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩትም እዚያ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተማሩ፤ መምህሩም አብረዋቸው መጥተው የክብር ዘበኛን ባንድ መሩ። እማሆይ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ የነበረው ዕድል ግን ሳይሳካ ቀረ። ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ግሸን ማርያም ወጡ፤ መነኮሱም። በዚያ ተራራ ለዓመታት ያለ ጫማ ኖሩ፤ ፒያኖም አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለገጠር ኮንሰርት አሳቢዎች ይበልጥ ይጠቅማል። በ1960ዎቹ እማሆይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ነበሩ። እዚያ የቆሎ ተማሪዎች እህል እየለመኑ፣ ሜዳ ላይ እያደሩ ሲማሩ አዩ። የሚሰጧቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው ያላቸውን ሙዚቃ ለመስጠት ቆረጡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች መርጃ ነበር። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በ2006 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት 21ኛ ቅጽ ሥራዎቻቸውን ሰብስቦ ሲያወጣ ዓለም አወቃቸው፤ በ2013 የፒያኖ ድርሰቶቻቸው በኖታ መጽሐፍ ታትመው ኢየሩሳሌም ውስጥ ኮንሰርት ተደረገላቸው። ከ150 በላይ ሥራዎች ደርሰው በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

የእማሆይን ፒያኖ የሰማ ኢትዮጵያዊ ግር አይለውም። የቀኝ እጃቸው ድምፅን እንደ ዘማሪ ያስረዝማል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ያንሸራትታል፤ የግራ እጃቸው ደግሞ በአውሮፓ ሳሎን የተማሩትን ይዞ ይሄዳል። ፒያኖ በአንድ ኦክታቭ 12 የተወሰኑ ድምፆች ብቻ ስላሉት የዜማ ንዝረትን በቀጥታ ማውጣት አይችልም፤ እማሆይ ጎረቤት ቁልፎችን በፍጥነት እየነኩ ጆሮን ያሳምኑታል። ጎረቤላ ውስጥ ፒያኖ የሚሰማ ሰው ከማንም በፊት የእሳቸውን ቢሰማ ሙዚቃው ከራሱ ቤት እንደተነሣ ያውቃል።

ሁለተኛው ስም ግርማ ይፍራሸዋ ነው። በ1967 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ክራር ይጫወቱ ነበር፤ ፒያኖን ያገኙት በ16 ዓመታቸው ያሬድ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ተምረው ተመለሱና በያሬድ አስተማሩ። በኮንሰርቶቻቸው የሾፓንን፣ የሹማንንና የደቡሲን ሥራዎች ከራሳቸው ድርሰቶች ጋር ጎን ለጎን ያቀርባሉ፤ ከድርሰቶቻቸው አንዱ የወሎዋን አምባሰልን ስም የያዘ ነው፣ ሌላው ስለ እልልታ ነው። በ16 ዓመት መጀመር ለፒያኖ ዘግይቷል ይባላል። እሳቸው ግን ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ደርሰዋል። የጎረቤላ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በዚያው ዕድሜ ላይ ናቸው።

ግርማ ይፍራሸዋ ዋሽንት ስለያዘ እረኛ የፒያኖ ሥራ አላቸው። ከእሳቸው በፊት ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ስለዚያው ስለ ዋሽንት ነፊው እረኛ ለኦርኬስትራ ደርሰው ነበር። በ1938 የተወለዱት አሸናፊ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤትና በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በጥናት ለዓለም ያስተዋወቁ ሊቅ ናቸው። ሁለት የተለያየ ትውልድ አቀናባሪዎች፣ አንዱ በኦርኬስትራ፣ ሌላው በፒያኖ፣ መነሻ ያደረጉት በደጋ ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅን ነው። ያ ልጅ ዛሬም ከጎረቤላ ዳር ባለው ተዳፋት ላይ በጎቹን ይዞ ቆሟል። ስለ እሱ የተደረሰው ሙዚቃ ባሕር ማዶ ደርሶ እሱ ዘንድ ሳይደርስ መቅረቱ ሊታረም የሚገባው ነገር ነው።

ለአነስተኛ ከተማ የሚመች የቡድን አሠራር ከፈለግን ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ አለ። በ1963 ግብፃዊው አቀናባሪ ሐሊም ኤል ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ በየብቻቸው የሚጫወቱ የአገር ቤት መሣሪያዎችን አንድ መድረክ ላይ አቀናጁ፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ ከበሮ። ኋላ ተስፋዬ ለማ ረዘም ላለ ጊዜ መሩት። በ1969 ወደ አሜሪካ ተጉዘው በዘመኑ እጅግ ከሚታዩት የቴሌቪዥን ዝግጅቶች በአንዱ፣ በኤድ ሱሊቫን ሾው፣ ቀረቡ። አዝማሪው ብቻውን ይዞት የኖረው ማሲንቆ ከዋሽንትና ከክራር ጋር ድምፅ ተካፍሎ ሲሄድ፣ አንዱ ዜማ ሲይዝ ሌላው ሲደግፍ፣ ቻምበር ሙዚቃ የሚባለው፣ በጥቂት ተጫዋቾች የሚቀርበው ጥበብ፣ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ቡድኑ በ1970ዎቹ አጋማሽ ቢበተንም አሠራሩን ለመቀጠል የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በሰሜን ሸዋ ገበያና መንደር ዛሬም አሉ።

ስለ በገና ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። አሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹ ከበግ አንጀት ይፈተላሉ፤ ገበቴው በቆዳ ይለበጣል። የሚያንዝረው ድምፅ የሚመጣው በርኩማው ላይ በአውታሩ ሥር ከሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ ከእንዚራው ነው። ደርዳሪዎች በትውፊት ቀንበሩን በእግዚአብሔር፣ ሁለቱን ምሰሶዎች በሚካኤልና በገብርኤል፣ ገበቴውን በእመቤታችን፣ አሥሩን አውታር በአሥርቱ ትእዛዛት ይመስላሉ። በገና ለቅዳሴ አይውልም፤ ቦታው ቤት ነው፣ ወቅቱ በተለይ ዐቢይ ጾም ነው። በ1950 የተወለዱት ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው ከ1972 እስከ 1980 በያሬድ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በደርግ ዘመን በገና ከሬድዮም ከትምህርትም ራቀ። እሳቸው ግን ድርደራውን አልተዉም፤ ለውጭ አድማጭም በሸክላና በኮንሰርት አደረሱት። ከደርግ ዘመን በኋላ በገና የሚማሩ ወጣቶች ቁጥር እንደገና ጨምሯል፤ በሰንበት ትምህርት ቤቶች በኩል ሴቶችም ወንዶችም ይደረድራሉ።

የበገና ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ሺህ ሰው ለሚይዝ አዳራሽ አልተፈጠረም፤ ስልሳ ሰው ባለበት ክፍል ግን የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር የእንዚራውን ንዝረት ይሰማል። የቦታው ማነስ እዚህ ላይ ጥቅም ነው። ጎረቤላ ከአዲስ አበባ ትልልቅ አዳራሾች የተሻለ የበገና ቤት ልትሆን ትችላለች።

ሌሎች ትናንሽ ቦታዎች ምን አደረጉ? እንግሊዛዊው አቀናባሪ ቤንጃሚን ብሪትን በ1948 ከጓደኞቹ ጋር በሰፎክ ጠረፍ ባለችው በዓሣ አጥማጆች ከተማ በኦልድበራ የሙዚቃ ፌስቲቫል ጀመረ። መድረኩ የከተማዋ ትንሽ አዳራሽና ቤተ ክርስቲያኖቿ ነበሩ። አድማጩ ሲበዛ አዲስ ሕንጻ ከመሬት አላነሡም፤ በአቅራቢያው ስኔፕ በተባለ መንደር የቆመውን አሮጌ የገብስ ብቅል ቤት ወደ አዳራሽ ለወጡት። በ1967 ተከፈተ፤ በ1969 ተቃጠለ፤ በዓመቱ እንደገና ተሠርቶ ሥራውን ቀጠለ። የሰሜን ሸዋ ደጋ የገብስ አገር ነው፤ ደብረ ብርሃንም የቢራ ፋብሪካ አላት። ኦልድበራን እዚህ መጥቀስ የሚያስፈልገው ግን ለገብሱ ሳይሆን ለቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያ ፌስቲቫሉ በነበረው ቤት ተጀመረ፤ አዳራሹ ከ19 ዓመት በኋላ መጣ።

በአፍሪካ ደግሞ ኪንሻሳ አለች። አርማንድ ዲያንጊንዳ የተባለ አውሮፕላን አብራሪ ሥራውን ካጣ በኋላ በ1994 የኪምባንጉ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን ሰብስቦ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሠረተ። መጀመሪያ ላይ አንዱን ቫዮሊን ብዙ ሰው በተራ ይለማመድበት ነበር፤ የቫዮሊን ሽቦ ሲበጠስ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይተካ ነበር። ያ ስብስብ ቤትሆቨንን በሙሉ ኦርኬስትራና በመዘምራን እስከማቅረብ ደረሰ። መነሻው ዝማሬ የሚያውቅ ምእመን ነበር፤ ይህ ሀብት በአንኮበርም አለ።

አሁን ወደ ተግባሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ክፍል ነው። አብዛኛው የትምህርት ቤትና የመሰብሰቢያ ክፍል የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ግድግዳ አለው። ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ቫዮሊን አይሰማም፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ኮንሰርት አይታሰብ። ባዶ ግድግዳ ድምፅን እየመለሰ ያደበላልቃል፤ መድኃኒቱ ቀላልና እዚሁ ያለ ነው። የመንዝ ዝተትና ባና፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ከጀርባ ግድግዳው ላይ ከጣሪያ እስከ ወገብ ቢሰቀል ሱፉ ድምፁን ይውጠዋል። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብና ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ ማዳመጥ፣ ከዚያ ሱፉን ሰቅሎ መድገም ነው፤ ልዩነቱን ማንም ይሰማዋል።

ሁለተኛው ጉም ነው። አንኮበር የጉም አገር ናት፤ ከአንጀት የተሠራ አውታር እርጥበት ሲያገኘው ድምፁ ይለወጣል። ተጫዋቾቹ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በፊት ደርሰው መሣሪያውን ከሣጥን አውጥተው ክፍሉ ውስጥ ማቆየት፣ ክፍሉም አድማጭ ከመግባቱ በፊት መሞቅ አለበት። በሥራዎች መካከል ለመቃኛ ጊዜ ይያዝ፤ አድማጩ ያንን ጸጥታ የዝግጅቱ አካል አድርጎ እንዲቀበለው አስተዋዋቂው ይንገረው።

ሦስተኛው ፒያኖ ነው። ተራ የቤት ፒያኖ እንኳ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝን ይችላል፤ ዳገት ላይ ሲጓጓዝ ቅኝቱ ይበላሻል፤ የሚቃኘው ባለሙያም ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ፒያኖ ይበቃል፤ ሁለት ሰው ይሸከመዋል፣ በሚኒባስ ይመጣል፣ መቃኘት አያስፈልገውም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ ጩኸቱ እንዳይገባ ከክፍሉ ርቆ ይቁም። የመጀመሪያዎቹ ኮንሰርቶች መብራት በማይፈልጉ መሣሪያዎች ቢሆኑ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

አራተኛው ሰዓትና ሰላም ነው። በአማራ ክልል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቆየው ግጭት መንገድን፣ ትምህርትንና ገበያን ጎድቷል፤ ሙዚቀኛን ከአዲስ አበባ ለመጥራትም የመንገዱ ደኅንነት ቅድሚያ ይመጣል። ቀን ሲያስፈልግ መለወጥ አለበት፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮንሰርት ተለዋጭ ቀን አብሮ ይወሰን። ሰዓቱም ምሽት ሳይሆን ከቀኑ 8 ሰዓት ቢሆን፣ ዝግጅቱም ከአንድ ሰዓት ከሩብ ባይበልጥ፣ ከገጠር ቀበሌ የመጣ ሰው ሳይጨልም ቤቱ ይገባል። የመክፈቻ ንግግር ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፤ ሰዓቱ የሙዚቃው ነው።

አምስተኛው አድማጭ ነው። ለማያውቁት ሙዚቃ ጆሮ የሚከፈተው በጥቂት ዝግጅት ነው። ከኮንሰርቱ በፊት ባለው ሳምንት ተጫዋቾቹ በትምህርት ቤት አንድ ክፍለ ጊዜ ይውሰዱ፤ ልጆች ቫዮሊኑን በእጃቸው ይንኩት፣ ማሲንቆውን ከጎኑ ያስቀምጡና ሁለቱም በፈረስ ጭራ ደጋን እንደሚገዘገዙ ይዩ። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ደራሲው ማን እንደሆነና ምን መጠበቅ እንደሚገባ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይነገር። ተማሪ በነጻ ይግባ። የአንኮበርን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽና በሳይንስ በ1979 የተመዘገበችውን፣ በአንኮበር ስም የምትጠራውን ወፍ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ደግሞ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ይግባ።

የአራቱ ኮንሰርቶች ዕቅድ እንደሚከተለው ነው።

የመጀመሪያው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ እህል ገብቶ ሰው በቤቱ ባለበት ጊዜ ነው። በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ አሠራር ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ያቀፈ አነስተኛ ቡድን ይቀርባል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ አራቱ ቅኝቶች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ሥራ ይታዩበታል። ግማሹ ተጫዋች ከአካባቢው፣ ግማሹ ከያሬድ ትምህርት ቤት ቢሆን ሁለቱም ይማራሉ።

ሁለተኛው በዐቢይ ጾም፣ ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ባለው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በገና ብቻ። ሁለት ወይም ሦስት ደርዳሪዎች፣ ያለ ድምፅ ማጉያ። ስለ ቦታውና ስለ ይዘቱ ከአንኮበር መድኃኔ ዓለምና ከሌሎች አድባራት አባቶች ጋር አስቀድሞ መመካከር ግዴታ ነው።

ሦስተኛው በግንቦት፣ ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ ያለው የአውታር ቡድን። አራት ሰውና አራት ሣጥን በአንድ ሚኒባስ ይመጣሉ። የዚህን ዓይነት ቡድን መልክ ካስያዙት አንዱ የሆነው የሃይድን አንድ ሥራ፣ ከዚያም ለዚሁ ቡድን የተቀናበረ የኢትዮጵያ ዜማ ይቅረብ። ለቅንብሩ አንድ ወጣት አቀናባሪ ቢጠራና ክፍያ ቢሰጠው ጎረቤላ የአዲስ ሥራ መወለጃም ትሆናለች።

አራተኛው በጥቅምት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ፒያኖ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ሥራዎች ይቀድማሉ፤ የግርማ ይፍራሸዋ የዋሽንት ነፊው እረኛ ይከተላል፤ ከዚያ የሾፓን አንድ ኖክተርን። በመካከሉ የአካባቢው ዋሽንት ነፊ ብቻውን ይጫወትና ፒያኖው ስለ እረኛው የሚለውን እረኛው ራሱ ከሚለው ጋር አድማጩ ያነጻጽረው። ከመግቢያው የተገኘው ገቢ፣ እማሆይ በጎንደር እንዳሰቡት ሁሉ፣ በአካባቢው ላሉ የቆሎ ተማሪዎችና ለሙዚቃ ጀማሪዎች መሣሪያ መግዣ ይዋል።

ለጥሩ ኮንሰርት ቢያንስ የሦስት ወር ዝግጅት ያስፈልጋል፤ ለያሬድ ትምህርት ቤት የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ መስከረም ላይ መውጣት አለበት። ከዚያ በፊት ሦስት ሰዎች በጎረቤላ ያሉትን ክፍሎች ዞረው አጨብጭበው ይለኩ፤ ስንት ወንበር እንደሚይዙ፣ በራቸው በየት በኩል እንደሆነ፣ የጄኔሬተር ገመድ ከየት እንደሚገባ ይጻፉ። ከታዳሚው መካከል ማሲንቆ የሚመታ፣ ዋሽንት የሚነፋ፣ በገና የሚደረድር ወይም እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቅ ካለ ስሙን በመውጫው በር ላይ ባለው መዝገብ ያስፍር። መድረኩ ለጥያቄና ለውይይት ክፍት ነው።